ለአማት የተፈለገ ረግረግ

ደምስ አማቱ ወይዘሮ አትጠገብ ከአጥሩ ማዶ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቤት ሊሠሩ መሆናቸውን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ግብርና ቢሮ ሄዶ የአካባቢውን የአፈር ጥናት ካርታ ሲያገላብጥ፣ ሰፈራቸው ረግረጋማ አፈር እንዳለበት አየ። ደስታው ወሰን አጣ። በማግስቱ አንዲት የአፈር ባለሙያ ይዞ አማቱ ዘንድ መጣ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው እማማ፤ ቤቱ ቢሰምጥብዎትስ?» አላቸው።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ አማቱ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ባለሙያዋ ካርታ ብቻውን አይበቃም፣ አፈሩ ራሱ መታየት አለበት ብላ የወይዘሮ አትጠገብን ቦታ በመሰርሰሪያ ሰረሰረች። ቀይ፣ ደረቅ አፈር ወጣ።

«ትንሽ ጠለቅ ይበል እንጂ!» እያለ ደምስ ቢወተውታትም ያው ቀይ ነው።

ከዚያ አጥሩን ተሻግራ የእሱን ጓሮ ሰረሰረች። የዝገት ነጠብጣብ ያለበት፣ ውሃ የጠገበ ግራጫ ጭቃ ወጣ።

«ረግረጉስ እዚህ ነው» አለች፣ በቤቱ ግድግዳ ላይ የወጣውን ስንጥቅ እያየች። «እዚህ ቤት ውስጥ መኖር አደጋ አለው።»

ወይዘሮ አትጠገብ የደምስን ትከሻ እቅፍ አደረጉ።

«አይዞህ ልጄ፤ የእኔን ቤት ሰፋ አድርገን እንሠራዋለን። ከእንግዲህ አንድ ላይ ነው የምንኖረው።»