ተናጋሪ የሌለው መስመር

ቤቶች የሰሙትን ሁሉ በጽሑፍ ማውጣት ከጀመሩ ወዲህ፣ የሞተ ሰው ድምፅ በአርባው ከቤቱ መዝገብ እንዲሰረዝ ሕግ ወጥቷል። ትርንጎም የአማቷን የእማማ ደብሬን ድምፅ ሰርዛለች።

ቤቱ የሚያወጣው ጽሑፍ ዝብርቅርቅ ስለሆነ፣ እያነበበ በሠንጠረዥ የሚያሰልፍላት አጭር የኮምፒውተር ስክሪፕት አላት፦ ማን ተናገረ፣ የት፣ ምን አለ። ተናጋሪው ያልታወቀ መስመር ሲያገኝ እንዲዘለው አዝዛዋለች።

ጠዋት ባሏ መንበሩ "የወጥ ቤቱ መብራት ሰው ሳይገባ ይበራል፤ እስቲ እዪው" ብሏት ወደ ሥራ ወጣ። ቀትር ላይ ሠንጠረዡን ከፈተች፤ ስለ ወጥ ቤቱ ምንም የለም። የመዝለሉን ትእዛዝ አነሳችና ስክሪፕቱን እንደገና አስኬደችው።

ሠንጠረዡ ረዘመ። ከአርባው ማግስት ጀምሮ በየቀኑ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ያው መስመር ይደጋገማል። ተናጋሪ፦ ባዶ። ቦታ፦ ወጥ ቤት። "ብርቄ፣ በላሽ?"

ብርቄ አማቷ በሠርጓ ሰሞን ያወጣችላት ስም ነው። ከእማማ ደብሬ በቀር በዚህ ስም የጠራት የለም። መንበሩ እንኳ ትርንጎ ነው የሚላት።

ወጥ ቤት ገባች። መብራቱ በርቷል፤ ማንም የለም። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። አብራት የምትበላ ከሌለች ወዲህ ምሳ መሥራት ትታለች።

"በልቻለሁ፣ እማማ" አለች ቀስ ብላ።

በእጇ በያዘችው ስክሪን ላይ አዲስ መስመር ወጣ። ተናጋሪ፦ ባዶ። ቦታ፦ ወጥ ቤት።

"ውሸትሽን ነው።"