የእትዬ አስካለ ጉልበት

የአንዱን ድካም ሌላው መቀበል ከቻለ ወዲህ እኛ ሰፈር ወንፊትና ሙቀጫ የሚዋስ ቀርቷል፤ የምንዋዋሰው ጉልበት ነው። እኔም ከወንጪ ሐይቅ እስከ ደንዲ ሐይቅ ያለመሪ፣ ካርታ ብቻ ይዤ፣ ሳምንት ሙሉ በእግሬ ልዝናና ስነሳ ድካሜን ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ተቀበሉልኝ።

"ሐሙስ ብቻ ሜዳ ሜዳውን ሂጂልኝ" አሉኝ። "ልጄን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።"

ሐሙስ ተራራው ከፊቴ ተገተረ። አምስተኛ ቀኔ ቢሆንም ገና አሁን ከቤቴ የወጣሁ ይመስል እግሬ አልዛለም። ቀኑን ረስቼ ጫፉ ድረስ ወጣሁ።

ሳምንቴን ጨርሼ ስመለስ እትዬ አስካለ እግራቸውን ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው።

"መጣሽ፣ አንቺ ጦጣ?"

"ሽማግሌዎቹስ?" አልኩ፣ ዓይኔን ከሳፋው ሳላነሳ።

"ሲገቡ ብድግ ልል ብሞክር ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ተቀምጬ ተቀበልኳቸው። ናቀችን ብለው ውሃ እንኳን ሳይቀምሱ ወጡ።"

ልጃቸው ከጓዳ መጥታ ሳፋው ላይ ሙቅ ውሃ ጨመረች። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ።

"ነገ እኔው ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ" አልኩ።

"ትወድቂያለሽ፣ ምን ምርጫ አለሽ! አሁን ግን ቁጭ በይና ንገሪኝ፤ ከላይ ሆኖ ሲያዩት ምን ይመስላል? የወጣሁትስ እኔ አይደለሁ?"

ሳፋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ስላልደከመኝ አንድም ቦታ አረፍ ብዬ አላየሁትም ነበር።