የአብዮት ክርስትና

«ስሟማ ወጥቷል አባ፤ አብዮት ትባላለች። ቀበሌም አስመዝግበናታል» አለች እናቲቱ፣ በጋቢ የጠቀለለቻትን ሕፃን ለቄሱ እያቀረበች።

«እሱን አልጠየቅሁሽም ልጄ። ተጠምቃለች ወይ?»

«ሰማንያ ቀኗ ገና ነው። ስትታመምብኝ ከሳጉሬ ይዣት መጣሁ።»

ቄሱ ውሃውን ባርከው ጋቢውን ገለጡ። ጣታቸው ግንባሯ ላይ ቆመ። የሕፃኗ ገላ ከውሃው ይልቅ ቀዝቅዞ ነበር።

«ልጄ፣ የሞተ አይጠመቅም» አሉ ቀስ ብለው።

«ተኝታ ነው አባ።» እናቲቱ ግን ከመንገድ ጀምሮ ታውቅ ነበር። ያልተጠመቀ ልጅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ እንደሚቀበርም ታውቃለች።

ያኔ ቀጭን የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ሁለቱም የልጅቷን አፍ አዩ፤ እንደተዘጋ ነው። ለቅሶው ግን አላቋረጠም። ቄሱ ሦስት ጊዜ ውሃ አፈሰሱባትና «ወለተ ጻድቅ» ብለው ጠሯት። ለቅሶው ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ከቅጥሩ ውስጥ ቀበሯት።