ዘጠኝ ጊዜ «እንጊ»

ሰውዬው ሳልጋብዘው ሻዩን አነሳ። የብርጭቆውን ክዳን ምንጣፉ ላይ ገልብጦ ፉት አለው፤ ጉድ እኮ ነው! ሬናልዲ ይባላል፤ መሬት የሚገዛ የጃካርታ ሰው ነው። ከጎኑ የተቀመጡት የመንደራችን ሹም ፓክ ሳሚጃን ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። የቤቱ ባለቤት «ይጠጡ» ሳይል ብርጭቆ የሚነካ እንግዳ እኛ ዘንድ የለም። እኔ ደግሞ ዛሬ አልልም ብያለሁ።

«እንግዲህ እማማ ካሲየም፣ አውራ ጣትዎን እዚህች ላይ ያሳርፉ» አለኝ ሬናልዲ። ወረቀቱን ዘርግቷል፤ የአሻራውን ቀለም ከፍቷል። ከትከሻው በላይ ሠራተኞቹ ይታዩኛል። ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል በሩዝ እርከኔ ዳር ዳር ይተክላሉ። አንደኛውን ሟቹ ባሌ በገዛ እጁ ከካበው ድንበር ላይ ቸንክረውታል።

«የምን ጣት?»

«የሽያጩ ነዋ! ባለፈው ሳምንት ተስማምተን የለ እንዴ? ዘጠኝ ጊዜ እኮ ነው እንጊ ያሉኝ።»

እውነቱን ነው፤ ብያለሁ። «እንጊ» በእኛ አፍ የጨዋ «አዎ» ናት። ምላሴን ይቁረጠው! ቦታው ያምራል አይደል ሲለኝ፣ እንጊ። እርጅና ከባድ ነው አይደል ሲለኝ፣ እንጊ። ከዚህ ሁሉ ጭቃ የእንግዳ ማረፊያ ቢሠራበት አይሻልም ሲለኝም፣ እንጊ። ለእንግዳ ሌላ ምን ይባላል? ሰምቼሃለሁ፣ ክፉ አልናገርህም ማለት ነው። ይህን የእኛ መንደር ዶሮ እንኳ ያውቀዋል። ፓክ ሳሚጃንም ያውቃሉ። ያን ቀንም እዚሁ ምንጣፍ ላይ ነበሩ፤ ትንፍሽ አላሉም። ያንገበገበኝ እሱ ነው።

«እርስዎ ይንገሩት እንጂ» አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እማማ ካሲየም፣ የታች ሰፈር ሰው ሁሉ ፈርሟል። እርስዎ ብቻዎን መሃል ቀርተው ምን ይሆናሉ? እሺ ይበልጣል ከሺ።»

«ከሺ ይበልጥ እንደሆነ እንጃ፤ ከመሬቴ ግን አይበልጥም። ለመሆኑ እነሱስ የፈረሙት እንጊ ብለው ነው?»

ዓይናቸው ሻዩ ላይ ነው።

ሬናልዲ ሳቀ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ምሳው የረፈደበት ሰው ነው የሚመስለው። «አይስጉ እማማ፣ ሜዳ ላይ አንጥልዎትም። ማረፊያው ሲከፈት ሥራ እንሰጥዎታለን። ጠዋት ጠዋት ግቢውን መጥረግ፣ ቅጠሉን መልቀም፣ በቃ። ደመወዝ አለው።»

«የትኛውን ግቢ?»

«ይሄንኑ ነዋ!»

ይሄንኑ! ሃምሳ ሁለት ዓመት የጠረግኩትን፣ የአራቱ ልጆቼ እትብት ደጃፉ ላይ የተቀበረበትን፣ በደመወዝ ልጥረገው! ደሜ ፈላ።

ሁላችንም የምናውቃት፣ ግን ለእንግዳ የማንላት አንዲት ቃል አለች። ልጅ ሆኜ አንዴ ለእናቴ ብያት በጥፊ አጩላኛለች። ከዚያ ወዲህ ለፍየል ካልሆነ ለማንም ብያት አላውቅም።

«ኦራ» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ኦራ! እምቢ! አልሸጥም!»

ችካል የሚተክለው ሰው መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። ሬናልዲ ግን እኔን ትቶ ወደ ሹሙ ዞረ። «እርስዎ ምስክር ነዎት። እንጊ ብላለች። ጣቷ ቢቀርም በመንደሩ መዝገብ እርስዎ ከጻፉት ይበቃል። ብላለች አይደል?»

ፓክ ሳሚጃን አፋቸውን ከፈቱ። «እን…»

«ሳሚጃን!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ደነገጠ፤ እኔም ጭምር። ሹም ከሆነ ወዲህ የማክበሪያዋን «ፓክ» እና «እርስዎ» ሳልለው የዋልኩበት ቀን የለም። አሁን ግን አንዴ ወጥቷል።

«አንተ! ያን የኮኮናት ዛፍ ታየዋለህ? ልትሰርቀኝ ወጥተህ መውረድ አቅቶህ ስትነፋረቅ ማነው ያወረደህ? ለእናትህ ተናገርኩብህ? አልተናገርኩም! ዛሬ ግን ያቺን ቃል ጨርሳትና ገበያ መሃል ቆሜ ባልናገር እኔ ካሲየም አይደለሁም! እንጊ ማለት ምን እንደሆነ ለዚህ ሰው ንገረው። ንገረዋ!»

ሳሚጃንን ላብ አጠመቀው። ስልሳ ሊሞላው ነው። ወረቀቱን አየ፣ ችካሎቹን አየ፣ ዛፉንም አየ። ከዚያ እጁን ሰዶ የቀለሙን ክዳን ገጠመ።

«ሰምቻለሁ ማለት ነው» አለው ሬናልዲን። «መሸጥ ማለት አይደለም። መዝገብ ላይ አልጽፍም። የታች ሰፈሮቹንም… እነሱንም ደግሜ መጠየቅ ይኖርብኛል።»

ሬናልዲ ብድግ አለ። ያላለው ነገር የለም፤ ጠበቃ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ።

«እንጊ» አልኩት።

«ዙሪያዎን አጥረን መንገድ እናሳጣዎታለን!»

«እንጊ።»

«ይጸጸታሉ!»

«እንጊ፣ እንጊ» እያልኩ እስከ መኪናው ሸኘሁት። እንግዳ ነዋ። ስመለስ ያን ድንበሬ ላይ የገባውን ችካል ነቅዬ ከማገዶዬ ጋር ጣልኩት።

ሳሚጃን አሁንም ምንጣፉ ላይ ነው። እጁ ጭኑ ላይ፣ አንገቱን ደፍቷል። ሻዩ ከነክዳኑ ፊቱ ተቀምጧል፤ ቀዝቅዟል።

«በል ጠጣ» አልኩት።

ክዳኑን አነሳና ጠጣ።