የጎደለው ቅጠል

የኔታ ሰርፀ ወረቀቶቹን ከፅጌረዳ እጅ መንጭቀው ጠረጴዛው ላይ ወረወሯቸው። ቅዳሴው አልቆ ሰው ስለሄደ፣ በኦክላንዱ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። «ይሄን ክህደት ነው ለሰንበት ተማሪዎች ሼር ያደረግሽው?» ወረቀቶቹ በጎንደር ዘመን ስሙ ያልታወቀ ሊቅ የጻፈው መጽሐፍ ቅጂ ነበሩ። ጉባኤ ቢያወግዘውም ደብተራዎች እየተደበቁ ሲገለብጡት ኖረዋል።

«የፒኤችዲ ሪሰርቼ ነው፣ የኔታ። ሦስት ልጆች አንብበን እንየው ስላሉኝ ላክሁላቸው» አለች። «እርስዎ ሳያነቡት እንዴት ያወግዙታል?»

«‹የሰው ውግዘት ከደመና በላይ አይወጣም› የሚል ከሃዲ ምኑ ይነበባል!»

ፅጌረዳ ክው አለች። እሷ ያገኘችው ቅጂ የመጨረሻ ቅጠሉ ተገንጥሏል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈልገው ከርማለች። ይህን ቃል ግን አንድም ቦታ አላነበበችውም።

«የኔታ፣ እሱ የት ነው የተጻፈው?»

የኔታ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። «የቅኔ መምህሬ ናቸው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ቅጠል ማታ ማታ በቃል ያስጠኑኝ። አርባ ዓመት ልረሳው ስታገል ኖሬ፣ አንቺ እዚህ ድረስ ይዘሽብኝ መጣሽ!»

ፅጌረዳ ላፕቶፗን ከፈተች።

«ዝጊው!» ብለው አምባረቁባት። «ብዕር አውጪና እኔ የምልሽን እንደ ደንቡ በእጅሽ ጻፊ።»