ያልመጣው ፎልደር

ታላቅ ወንድሜ አቤኔዘር ሐዋሳ ሆኖ ሠርግ ይቀርጻል፤ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ አቀናብራለሁ። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ የጫነው ቪዲዮ ሁሉ በኢንተርኔት በራሱ ጊዜ እኔ ጋ እንዲደርስ ፕሮግራሙን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ሰሞኑን ግን አንድ ፎልደር አልመጣ አለ። ከዚህ ሆኜ በርቀት ሳየው እሱ ጋ አለ፣ እኔ ጋ የለም።

ስደውልለት “ኔትወርኩ ነው” አለኝ። “አንቺ አትድከሚ፣ እሱን እኔው አቀናብረዋለሁ።”

በሕይወቱ አንድ ቪዲዮ አቀናብሮ አያውቅም።

ኔትወርኩ ከሆነ ሌላው ሁሉ እንዴት መጣ? እልህ ያዘኝ። እጮኛዬ ምንተስኖት ለመስክ ሥራ ጅማ ስለወጣ “መሽቷል፣ ቤት ግቢ” የሚለኝ አልነበረም። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ የወንድሜን ኮምፒውተር ሴቲንግ ከፍቼ አየሁ። ያ ፎልደር ብቻ ወደ እኔ እንዳይላክ ታግዷል። ሳያውቅ ነክቶት ይሆናል ብዬ እገዳውን አነሳሁለት።

ቪዲዮው ወዲያው መጣ። የቀለበት ፕሮግራም ነው። ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፣ የማላውቃት ልጅ አበባ ይዛ ቆማለች። ከጎኗ የነበረው ሙሽራ ወደ አባቷ ሄዶ ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ጀርባውን ሳየው ነው ያወቅኩት። ምንተስኖት ነው።

ከካሜራው ኋላ ወንድሜ ሲስቅ ይሰማል።

“ምንቴ፣ ቀና በልና እንደገና ሳም፤ ፊትህ አልታየኝም።”