የመርዶ ልምምድ

ባለ ሸራዋ ጀልባ ከሞምባሳ ስትነሳ ሁለት ሆነው ነበር፤ ኮሎምቦ ወደብ ስትቃረብ ግን መሪውን የያዘው እሱ ብቻ ነው። ጓደኛውን ወርዶፋን ውቅያኖሱ መሃል ማዕበል ጠርጎ ወስዶታል።

ከዚያ ወዲህ የወርዶፋን ሚስት የሚያረዳበትን ቃል ሲለማመድ ነው የከረመው። «አይዞሽ እህቴ፤ ገመድ ወርውሬለት ነበር፣ አቅም ከዳው» ይላል፣ ፊቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠች ይመስል። ሲደጋግመው ለራሱም እውነት እየመሰለው መጣ።

እውነቱማ ሌላ ነው። ወርዶፋ ከውሃው ውስጥ ስሙን እየጠራ ሲጮህ ገመዱ የእሱ እግር ሥር ተጠቅልሎ ነበር። እሱ ግን ለነፍሱ ሳስቶ፣ ምሰሶውን በሁለት እጁ አቅፎ ዓይኑን ጨፈነ።

አሁን ሸራውን አውርዶ ወደ ወደቡ ጠርዝ ተጠጋ። ጀልባ ሲደርስ ገመድ ተቀብሎ የሚያስር ሰው መቼም አይጠፋም፤ ዛሬም አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የለበሰው የመርከበኛ ቱታ ሰፍቶታል፤ የሰው ልብስ ነው። ቀና ሲል ፊቱን አየው።

«የጭነት መርከብ አንስቶኝ ቀደምኩህ» አለ ወርዶፋ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ። «በል፣ ገመዱን ወርውር።»